ስፌቱ የወረደበት ግድግዳ

አባይ ዘህራ መሞታቸውን የነገረችኝ በሸዋ በር ገበያ ጨው የምትሸጥ ሴት ናት። ጨውን እየሰፈረችልኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ያቺ ስፌት ሰፊዋ አሮጊት እኮ አረፈች፤ ትናንት ቀበሯት» አለችኝ።

«የት ሞቱ?» አልኋት።

ሴትዮዋ ገርሟት አየችኝ። ሰው በምን ሞተ ይባላል እንጂ የት ሞተ አይባልም። አባይ ዘህራን የሚያውቅ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ሰው ቤት የሚያስፈልገው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲወለድና ሲሞት። በመሐል ያለውን ዝናብ ሰው ይችለዋል» ይሉ ነበር። ይህን ቃል ከአፋቸው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

«እዚሁ ከጀጎል ውጭ፣ ከተከራየችው ክፍል» አለችኝና ጨዉን ጠበቅ አድርጋ አሰረችልኝ።

ጨዉን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ለሚስቴ ስነግራት አላለቀሰችም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ፣ በነጠላ የተሸፈነውን ክምር ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ያ ክምር ምን እንደሆነ ኋላ እነግራለሁ። አስቀድሞ ሴትዮዋን ላስተዋውቅ።

በሐረር የከተማው ተወላጅ ታላቅ እህቱን «አባይ» ይላታል። ዘህራ ለሰፈሩ ሁሉ አባይ ነበሩ፤ ለእኔም። አባቴ ከሸዋ ጦር ጋር መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። እኔ ያደግሁት በጀጎል፣ በግንቡ ውስጥ ስለሆነ የአገሬውን ቋንቋ እንደ ነገሩ እሰማለሁ። ፊደል ያስተማረኝ መምህር የለም፤ ከመቃብር ድንጋይና ከሰው ደብዳቤ ለቅሜ ነው የተማርሁት። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው፤ የማሳምርበት ጥበብ የለኝም።

ከሚስቴ ጋር የተከራየነው ቤት ከአባይ ዘህራ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በግቢዎቹ መካከል ባለው አጥር ላይ እጅና ሳህን የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ሴቶቹ ፍም፣ ጨው፣ ወሬም የሚቀባበሉት በዚያች ነው። እኔ አባይ ዘህራን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በፊታቸው ሳይሆን በድምፃቸው ነው፤ ከቀዳዳዋ ወዲያ፣ ሻካራ፣ የሚያሾፍ ድምፅ።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የስፌት ወስፌያቸው ከሻሻቸው ሥር ተሰክታ ትውላለች፤ ሲያስቡ ይመዟታል፣ ሲናገሩ ይጠቁሙባታል። የሐረር ሰው ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ሳይጠይቅ አይለቅህም። የእሳቸው ግን አጭር ነበር። «ሰላምታ የሚያስረዝም ሰው የሚፈልገው ነገር አለ» ይላሉ። ቁጡ ነበሩ፣ ለማመስገን ስስታም ነበሩ፣ ሰውን ለማመንማ የባሰ ስስታም። አንድን ሰው ብቻ ያምኑ ነበር፤ እሱንም ኋላ እነግራለሁ።

ሥራቸው ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች ስፌት ማስተማር ነው። በከተማው ወግ ልጃገረድ ሳታገባ በፊት የአክርማና የአለላ ሥራ መማር አለባት። አሥር ዓመት የሞላት ሁሉ ከእሳቸው መደብ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ተወግታለች። ልጅ ደግሞ ስትሰፋ ታወራለች። አያቷ ቤቱን ለማን እንደተናዘዘ፣ አጎቷ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ቤት የመስጊድ እንደሆነ፣ የትኛው የሙት ልጆች እንደሆነ ሁሉ ሳታውቀው ትናገራለች። አባይ ዘህራም ዝም ብለው ይሰማሉ። በጀጎል ውስጥ የእያንዳንዱን ቤት ባለቤት እንደ እሳቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ያም ዘመን እንዲህ ዓይነት እውቀት የሚያስፈልግበት ዘመን ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ በዝቷል። ወታደሩ ቤት ይፈልጋል፣ ነጋዴው ቤት ይፈልጋል፣ ጸሐፊው ቤት ይፈልጋል። ገዢው እንግዳ ነው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ አያውቅም። የማያውቅን ሰው ማታለል ደግሞ የጠገበ በግ እንደመንዳት ነው። ባለቤቱ ሐጅ የሄደበትን ቤት የሚሸጥ ነበር። የሙት ልጆችን ቤት ሞግዚት ነኝ ብሎ የሚሸጥ ነበር። አንዱን ቤት ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው የሚሸጥ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ይህ ነው፤ አታላይ ሰውን የሚያታልለው በራሱ ብልሃት አይደለም፣ በተታላዩ ጉጉት ነው። ቤት የተመኘ ሰው ጆሮው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እኔም ተመኘሁ።

በቀለ የሚባል ደላላ ነበር፤ አፉ ቅቤ። አቦከር በሚባለው ሠፈር አንድ ቤት አሳየኝ። ገባሁና ፈዘዝሁ። መደቦቹ በቀይ አፈር ተለቅልቀው እንደ ጉበት ያበራሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሞልቷል፤ ትልልቁ ከላይ፣ ትንንሹ ከታች፣ ቀዩ ከጥቁሩ ተመጣጥኖ። ሻጩ ጎልማሳ፣ ንጹሕ ሽርጥ የታጠቀ ሰው ነው። እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ፣ «ይህ ሁሉ ስፌት ምርቃት ነው፤ ከነጌጡ ይግቡበት» አለኝ። ዋጋውም ከሰማሁት ሁሉ ያነሰ። «ነገውኑ ይጨርሱ፤ ሌላ ገዢ ከድሬዳዋ እየመጣ ነው» አለኝ በቀለ።

ማታ ለሚስቴ በደስታ ነገርኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ከቀዳዳዋ ወዲያ ሳቅ ሰማን።

«ስፌቱንም ጭምር?» አሉ አባይ ዘህራ። «ሱብሓነላህ! ልጅቱንስ አልመረቀልህም?»

«የምን ልጅ?» አልሁ።

«የሰፋችውን። ስፌቱን ከሰጠህ እሷን ለምን አስቀረ?»

ተቆጣሁ። ሰው በሰው ነገር ምን አገባው ብዬ አጉተመተምሁ። በነጋታው ግን ገንዘቤን በመቀነቴ ቋጥሬ ስወጣ፣ ደጄ ላይ ሻሻቸውን አስረው ቆመው አገኘኋቸው። «ምርቃቱን አሳየኝ» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

እቤቱ ገብተው አልተቀመጡም። ወስፌያቸውን ከሻሻቸው መዘው ወደ ላይኛው ትልቅ ስፌት ጠቆሙ።

«ይህን የሰፋችው ፋጡማ ናት። ከእኔ ዘንድ ነው የሰፋችው፤ እዚያች ጫፍ ላይ የሳተችው አለላ አለ፤ ፍቺው ብላት አልቅሳ እምቢ አለችኝ። ፋጡማ የት ናት?»

«መካ ሄዳለች፤ ወንድሟ ነኝ» አለ ሰውዬው።

«ፋጡማ ወንድም የላትም።»

«የአባቷ የወንድም ልጅ ማለቴ ነው።»

«እሺ። ስትሄድ ቤቴን ሽጥልኝ ብላህ፣ የሰርጓን ስፌት ግን ግድግዳ ላይ ትታልህ ሄደች? ክርስቲያኑ ሽሮ እንዲያደርግበት?»

ሰውዬው ዓይኑን ወደ በቀለ ወረወረ። በቀለ ወደ በሩ አፈገፈገ። አባይ ዘህራ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስማ ልጄ። ቤት የወንድ ነው ይላሉ። ግድግዳው ግን የሴት ነው። የሐረር ሴት ቤቷ ሊሸጥ እንደሆነ ካወቀች አስቀድማ ስፌቷን ታወርዳለች። በገዛ እጇ ታወርዳለች፤ ጎረቤት እያየ ታወርዳለች። ስፌቱ ካልወረደ ቤቱ አልተሸጠም። ግድግዳው ካላዘነ አትግዛ።»

ሰውዬው የቤቱ ጠባቂ ኖሯል። ፋጡማ ከመካ ስትመለስ ቤቷን ከነስፌቷ አገኘችው። የእኔም ገንዘብ ከመቀነቴ ሳይፈታ ቀረ። ለውለታቸው አንድ ቁና ማሽላ ብወስድላቸው በቀዳዳዋ መልሰው ገፉት። «ለእኔ አትስጠኝ፤ ለሌላ ሰው ንገር» አሉኝ።

ነገርሁ። ለወታደሩም ለነጋዴውም፣ ቤት ልገዛ ነው ላለኝ ሁሉ ነገርሁ። የነገርኋቸውም ለሌላ ነገሩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ «ስፌቱ ካልወረደ ቤቱ አልተሸጠም» የሚለው ቃል ከጀጎል ወጥቶ በሸዋ በር ገበያ ይነገር ጀመር። ደላሎቹ ጥርሳቸውን ነከሱ። በቀለ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ «እትዬ ዘህራ፣ እርስዎ ሲሞቱ እኔ ሀብታም እሆናለሁ» ቢላቸው፣ «ኢንሻአላህ። እስክሞት ድረስ ግን ለጊዜው ሐቀኛ ሁን» ብለውት አለፉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በቀለም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቁን ያኔ አላስተዋልሁትም።

አሁን ያመኑትን አንዱን ሰው ላንሳ።

ኢድሪስ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞት አባይ ዘህራ ወስደው አሳደጉት፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። መልከ መልካም፣ ቀልድ አዋቂ፣ ለሽማግሌ ተነሺ ልጅ ነበር። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔም እወደው ነበር። ቤቱ የአባታቸው ነው፤ በሸሪዓው አካፋፈል ትልቁ ድርሻ የኢድሪስ አባት ነበር፣ ትንሹ የአባይ ዘህራ። አብረው ስለኖሩበት ግን ተካፍለውት አያውቁም። «ከሥጋ ጋር አይተሳሰቡም» ይሉ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ጠይቅ፣ መርምር፣ ተጠራጠር የሚሉ ሴት ለዚያ ልጅ የሚዘጉት በር አልነበራቸውም።

ልጆቼ ሆይ፣ ይህን ልብ አድርጉ። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ጠንቃቃ ይመስላል። ነገር ግን ያለውን እምነት ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ሰው ላይ ያከማቸዋል፤ ሌባውም የሚመጣው ከተከማቸበት ነው።

ኢድሪስ ሊያገባ ነው ተባለ። ሙሽራይቱ የድሬዳዋ ሰው ናት፣ ቤተ ዘመዶቿ ከሰርጉ በፊት ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ አለ። ከሰርግ በፊት ቤቱን በአዲስ ቀይ አፈር መምረግ ወግ ነው። ስለዚህ ስፌቱ ሁሉ መውረድ አለበት። አባይ ዘህራ በደስታ አወረዱት። ሚስቴም አገዘቻቸው። ምርጊቱ እስኪደርቅ ድረስ ስፌቱ በእኛ ቤት እንዲቀመጥ፣ እሳቸውም ከእኛ ጋር እንዲያድሩ ተስማማን።

ሚስቴ ትንንሾቹን በቀዳዳዋ ማሳለፍ ስትጀምር ኢድሪስ ከለከላት። «ይጫራሉ እትዬ፤ በደጅ ይዙሩ» አለ። እኛም እውነቱን ነው አልን። ሁለቱ ሴቶች ስፌቶቹን በራሳቸው ላይ እየደራረቡ በመንገዱ ተመላለሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ አየ። አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጠረገች፤ ሌሎቹም ፊታቸውን ዘወር አደረጉ። አባይ ዘህራ ግን ስለ ሰርጉ እያሰቡ ፈገግ ይሉ ነበርና አላስተዋሉም። እኔም አይቼ፣ አሮጊቷ ዓይኗን አሟት ይሆናል ብዬ አለፍሁ።

የከተማው ነውር አለ። ስፌቷን ካወረደች ሴት ጋር ስለ ቤት አይወራም። ቁስሏ ነው። ማንም ሄዶ «ለምን?» አይላትም፤ ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው። ኢድሪስ ይህን ያውቃል። ለሰፈሩ ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየዞረ፣ «አባይና እኔ ልንሸጥ ነው፤ ከሙሽራዬ ጋር ድሬዳዋ ልንኖር ነው። አባይ ግን ከብዷታል፤ አታንሱባት» ብሏቸዋል። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ አክብረው ዝም አሉ። በዝምታቸው ላይ ሆነው ለሽያጩ ምስክር ቆሙ። ደላላው በቀለ ነበር።

ምርጊቱ ደርቋል በተባለ ቀን አባይ ዘህራ ከሚስቴ ጋር ቤታቸውን ሊያዩ ሄዱ። እኔም ትልቁን ስፌት ተሸክሜ ከኋላ ተከተልሁ። በሩ ተከፍቶ አገኘነው። በመደቡ ላይ ሁለት የማናውቃቸው ሕፃናት ይንከባለላሉ። አንዲት ወጣት ሴት መጥረጊያ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው እናቴ?» አለች በትሕትና።

«ቤቴን» አሉ አባይ ዘህራ።

«ይህን ቤት እኮ እኛ ገዝተነዋል፤ ዛሬ ማለዳ ገባን። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሸዋ በር አጠገብ ነው የሚሠራው። ተሳስተው ይሆናል።»

አባይ ዘህራ አልጮሁም። ወደ ግድግዳው ቀና ብለው አዩ። ቀዩ ምርጊት ለስልሶ ደርቋል፤ ስፌቱ የሚሰቀልባቸው የእንጨት ችካሎች ባዶአቸውን ተደርድረዋል። ዓይናቸውን ከችካሎቹ ሳያነሡ፣

«ግድግዳውን አይታችሁ ነው የገዛችሁት?» አሏት።

«አይተን ነው እንጂ! በሐረር ስፌቱ ካልወረደ ቤት አይገዛም ብለውን፣ ባሌ ሁለት ጊዜ እየመጣ አየ። ባዶ ነበር። ጎረቤቶቹንም ጠየቀ፤ በገዛ እጇ አወረደችው አሉት።»

አባይ ዘህራ በገዛ ቤታቸው ደፍ ላይ ተቀመጡ። ወስፌያቸውን ከሻሻቸው አወጡና በጭናቸው ላይ አኖሯት።

«ልክ ነው» አሉ። «በደንብ አይታችኋል።»

ኢድሪስን በየቦታው ፈለግነው። ገንዘቡን ይዞ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዷል። ሙሽራ የምትባልም አልነበረችም።

ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ከዳኛው አጠገብ ቃዲው ተቀምጠዋል። አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሰፈሩ ሽማግሌ አው ሱሌይማን ወደ ቤታችን መጥተው ነበር። በምስክርነታቸው አፍረው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«አባይ፣ አንድ መንገድ አለ» አሉ። «ስፌቱን ያወረደው ኢድሪስ ነው በይ። በግድ ነው በይ። እኛም ከሩቅ አይተን ተሳስተናል እንላለን። ቤቱ ይመለስልሻል።»

«እኔ ነኝ ያወረድሁት» አሉ።

«እናውቃለን። አላህም ያውቃል። የሚያውቀው አላህ ይቅር ይላል።»

«አው ሱሌይማን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን እውነቱን ጠይቅ ስል ኖርሁ። ተጠያቂዋ እኔ ስሆን ልዋሽ? ነገ ሴት ሁሉ ቤቷን ሸጣ ገንዘቧን በልታ፣ በግድ ነው ያወረድሁት ብትል፣ በእኔ ምክር የገዛው ድኻ ሁሉ የት ይገባል?»

እኔ በዚያ ምሽት እሳቸው ትክክል ናቸው አልሁ። ዛሬም ትክክል ነበሩ እላለሁ። ትክክል መሆን ቤት ይመልሳል ብዬ ግን አላስተምርም።

በችሎቱ ዳኛው ጠየቁ፤ «ስፌቱን ያወረደው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስገደደሽ አለ?»

«የለም።»

«ጎረቤት እያየ?»

«እያየ።»

እሳቸው ለምርጊት እንጂ ለሽያጭ አላወረድሁም አሉ፤ እኔም ተነሥቼ፣ ኢድሪስ ለምርጊት ነው ብሎን እንደነበር መሰከርሁ። ዳኛው ታግሠው ሰሙኝ። «አንተ የነገሩህን ሰምተሃል። ሰፈሩ ግን ያየውን አይቷል» አሉኝ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነሣ። ቀጭን፣ መርፌ ያጎበጠው ሰው ነው፤ ሁለቱን ልጆች በሁለት እጁ ይዟል።

«እኔ አታላይ አይደለሁም። ለባልንጀሮቼ ሁሉ ምን ልጠንቀቅ ብዬ ጠየቅሁ። ግድግዳውን እይ አሉኝ፤ አየሁ። ጎረቤት ጠይቅ አሉኝ፤ ጠየቅሁ። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ይንገሩኝና ጥፋቴን ልወቅ።»

አባይ ዘህራ መለሱለት።

«ምንም። ያስተማርሁትን ሁሉ አድርገሃል፤ ተማሪዬ ነህ።»

ቃዲውና ዳኛው ተመካከሩ። ቤቱ ለገዢው ጸና። ለአባይ ዘህራ ደግሞ ከኢድሪስ ላይ ድርሻቸውን የመጠየቅ መብት ተፈረደላቸው። ከተሰወረ ሰው ላይ! ፍርዱ ትክክል ነበር። ከትክክለኛ ፍርድ የሚወጣ እንዲህ ያለ ባዶነት እንዳለ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አብረውን ይኑሩ ብለን ለመንናቸው። እምቢ አሉ። ከሸዋ በር ውጭ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ግድግዳዋ ጭቃ በጭድ ነው፤ ችካል ቢመቱበት የማይዝ። እዚያ በቆዩባቸው ዓመታት ተማሪ አልመጣላቸውም። ልጆችን ከጀጎል ውጭ የሚልክ የለም። በዚያን ጊዜ የጀጎል በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ ሰፈራቸውን ሊጠይቁ ሲመጡም ፀሐይ ሳትገባ መነሣት ነበረባቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ በሩ የሚዘጋው ለእኔ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን ሲወጡ። «አሁን የሚዘጋው በእኔ ላይ ነው።»

ስፌቶቹን ሁለት ጊዜ ወሰድሁላቸው። ሁለቴም መለሱልኝ።

«የት ልስቀላቸው?»

«መሬት ላይ ይደርድሯቸው» አልሁ።

«ስፌት የሚሰቀለው በገዛ ቤት ነው። እዚህ ከሰቀልሁ፣ ዘህራ ቤት ገባች ይላሉ። አልገባሁም።»

ኢድሪስን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባቡሩ ደረሰ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የምን ባቡር ብላቸው ወስፌያቸውን መልሰው ከሻሻቸው ሥር ሰኩ። ልጁን የሚጠብቁት መሰለኝ። ይህን ድካም በእሳቸው ላይ በማየቴ አዘንሁ። አልፈረድሁባቸውም።

ዛሬ በጀጎል ውስጥ ቤት ለመግዛት ብትሄድ ደላላው አስቀድሞ የሚያሳይህ ባዶ ግድግዳ ነው። «ይኸው ወርዷል፣ እይ!» ይልሃል በኩራት። ስፌቱን ሌሊት ያወርዱታል፣ ወይም ለምርጊት ብለው ያወርዱታል፣ ወይም ከነጭራሹ ይሰርቁታል። በቀለ እንዳለውም ሀብታም ሆኗል። የአንዲት ሴት ጥበብ የሌቦች መሣሪያ ሆኖ ቀረ። ትልቁ ልጄ በቅርቡ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ቤት ስንገዛ ምኑን እንይ?» አለኝ። ልጅ ሲጠይቅ አባት መልስ አያጣም ብዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። አላውቅም አልሁት። ሌላ ምልክት ብነግረው እሱም እንደዚያኛው ይሰረቃል።

ከቀብሩ ጥቂት ቀን በኋላ የልብስ ሰፊው ሚስት ወደ ቤታችን መጣች። ያን ቤት ከገዙ ወዲህ ጎረቤታችን ናት፤ ከሚስቴ ጋር በቀዳዳዋ ፍም ይቀባበላሉ። ደግ ሴት ናት። የመጣችው ግን በደጅ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለችኝ። «ያ ግድግዳ አስጨነቀኝ። ችካሎቹ ያፈጡብኛል። ልነቅላቸው ስል ምርጊቱ አብሮ ይረግፋል። ስፌቶቹ እርስዎ ዘንድ ናቸው አሉ። ይሽጡልኝ፤ የቻልሁትን እከፍላለሁ።»

«የእኔ አይደሉም» አልኋት።

ልትሄድ ዞረች። ከዚያ ተመለሰችና፣ ተንኮል በሌለበት ፊት፣ ቤት ሲገዛ መጠየቅ ያለበትን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ የማን ናቸው?»

ሚስቴ ከውስጥ ሆና ሥራዋን አቆመች። አባይ ዘህራ ልጅ የላቸውም፣ እህት የላቸውም። በሕግ ወራሻቸው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ኢድሪስ ነው።

ስሙን ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣኝም። ሴትዮዋ ጥቂት ጠብቃ ሄደች። ስፌቶቹ አሁንም በነጠላ ተሸፍነው መሬት ላይ ናቸው።